ክር የታሰረበት ብርጭቆ

ዳርጌ ከዳነ ሁለት ዓመት ቢያልፈውም ሰው ፊት ጉሮሮውን መጥረግ ይፈራ ነበር። ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም። ጂንካ ውስጥ አንድ ጊዜ «ሳንባውን ታሟል» የተባለ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ትን ቢለው እንኳ ጎረቤት ልጆቹን ወደ ቤት ይጠራል።

የአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አንስተን ከማን ጋር እንጣላለን፤ ይቅር። ደብዳቤ ተሸክሞ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ይውላል፤ ረፋድ ላይ ሻይ ይመጣል። ትሪው ላይ ባለ እጀታ ብርጭቆዎች ይደረደራሉ፤ አንደኛው እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። የዳርጌ እሱ ነው። ክሩን የምታስረው ሻይ አፍይዋ ፅጌረዳ ናት፤ እንድታስር ያዘዛት ደግሞ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ደምሰው። ክሩ ሲያረጅ አዲስ ትቀይርለታለች። ሻዩን ስትሰጠው ግን ዐይኑን አታየውም።

ዳርጌ ከጤና ጣቢያ የተሰጠው ወረቀት ነበረው። «ሕክምናውን ጨርሷል፤ ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም» ይላል፤ ማኅተምም አለው። ለደምሰው ሲያሳየው ደምሰው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ በጫፉ ይዞ አነበበና «ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መለሰለት። በማግሥቱ ሻይ በዚያው ብርጭቆ መጣ።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት በጥር ወር ነው የስፖርት አስተማሪው መኮንን የሩጫውን ማስታወቂያ የለጠፈው። ከጂንካ አውሮፕላን ሜዳ ተነስቶ፣ በአሪ ገበሬዎች የእንሰት ማሳ መሀል አቋርጦ፣ በእግር መንገዱ ቁልቁል ወርዶ፣ አልዱባ ገበያ ድረስ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይሆናል ተባለ፤ የለካው ግን የለም። ሜዳሊያ የለ፣ ሙዚቃ የለ፣ ንግግር የሚያደርግ ባለሥልጣን እንኳ የለ። ለአንደኛ የእጅ ባትሪ ይሰጠዋል፤ ለሌሎቹ ጭብጨባ። ማክሰኞ የሆነውም የገበያ ቀን ስለሆነ ነው፤ አለበለዚያ የሚያጨበጭብ ሰው አይገኝም።

ዳርጌ ስሙን አራተኛው መስመር ላይ ጻፈ። ደምሰው ከኋላው ቆሞ አነበበና ሳቀ።

«ዳርጌ፣ መንገድ ላይ ብትወድቅ ማን ሊሸከምህ ነው?»

ዳርጌ ፈርሞ ብዕሩን አስቀመጠ። በልቡ ግን የቆረጠው ነገር ነበር። ከፊተኞቹ ጋር አልዱባ ከገባ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር የሮጠን ሳንባ ማን ታሟል ይለዋል? ወረቀቱን ያላመኑ እግሩን ያምናሉ። ክሩ ይፈታል። ከዚህ ሌላ የፈለገው ነገር አልነበረም፤ ባትሪውንም ቢሆን ማንም ይውሰደው።

ልምምዱን በአውሮፕላን ሜዳው ዙሪያ ጀመረ። ጎህ ሲቀድ፣ ሣሩ ላይ ከሚግጡት ከብቶች ጋር እየተጋፋ ይዞራል። አንድ ዙር በጨረሰ ቁጥር ይቆምና መሀረቡን አፉ ላይ አድርጎ ሆነ ብሎ ይስላል፤ ከዚያ መሀረቡን ዘርግቶ ያያል። ነጭ ነው። ገልብጦ ያያል። ነጭ ነው። ልቡ አያርፍም፤ በሚቀጥለው ዙር እንደገና ይስላል። አንድ ቀን ጠዋት በቀይ አፈር የተነካ ጣቱ መሀረቡ ላይ አሻራ ቢተው ደም መስሎት ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። አፈር መሆኑን ለይቶ እስኪነሣ ድረስ አንዲት ላም አጠገቡ ቆማ ታየው ነበር።

ሚስቱ ሙሉነሽ የዋዛ ሴት አልነበረችም። በሳምንት አንድ ቀን አልዱባ ወርዳ ቆጮና ጎመን የምትሸጥ፣ አራት ቋንቋ የምትሰማ ነጋዴ ናት። መሀረቡን በየቀኑ ስታጥብ ሰነበተችና ጠየቀችው።

«ምንድን ነው የምትፈልግበት? የጠፋብህ ነገር አለ?»

«ምንም።»

«ምንም ከሆነ ምንም ነው። እኔ ነኝ የማጥበው፣ አውቀዋለሁ።»

እሱ ግን መፈለጉን አልተወም።

ሩጫው ሳምንት ሲቀረው መኮንን የእጅ ሰዓቱን አዋሰው፤ ዳርጌም ልምምዱን ወደ እውነተኛው መንገድ አዞረ። እዚህ ላይ ስለ ኤርጎ መናገር ግድ ነው፤ መንገዱ በኤርጎ በር ነው የሚያልፈው።

ኤርጎ ከዳገቱ ግርጌ፣ ግራሩ ከሚጀምርበት የሚኖር የበና ሰው ነው። አባቱና የዳርጌ አባት ወዳጅ ነበሩ። በዚያ አገር ወዳጅነት ከአባት ለልጅ ይወረሳል፤ የአንዱ ከብት ሲያልቅ ከሌላው ይነዳል፣ የአንዱ እህል ሲጠፋ ከሌላው ይጫናል። ዳርጌ መርፌና ክኒኑን ከጀመረ በኋላ፣ የጤና ጣቢያው ሰው «አሁን አታስተላልፍም፣ ብላ፣ ጠጣ፣ እረፍ» ያለው ጊዜ፣ ደመወዝ ሳይኖረው የሚበላውን ከየት ያምጣ? ኤርጎ ጂንካ ድረስ ወጥቶ እጁን ይዞ ወሰደው። ወተት ሲያጠጣው ከረመ። ሕክምናውን ጨርሶ ዳርጌ ያንን ወረቀት ሲያሳየው፣ ኤርጎ ገልብጦ አየውና «ምን ይላል?» አለው። «አላስተላልፍም ይላል።» «አንተስ ምን ትላለህ?» «እኔም እንደዚያው።» በዚህ አበቃ። ማንበብ የማይችለው ኤርጎ አመነ፤ ማንበብ የሚችሉት ናቸው ያላመኑት።

ከቤቱ ምሰሶ ላይ አንድ ግማሽ ቅል ተንጠልጥሎለት ነበር፤ የዳርጌ ቅል ይባላል። ሸፈሮ፣ ማለት የቡና ገለባ ፍል፣ በሱ ይቀዳል፤ ዳርጌ ጠጥቶ ለኤርጎ፣ ኤርጎ ለሚስቱ፣ ሚስቱ መልሳ ለዳርጌ። ስለ ቀዩ ክር የነገራቸው ቀን ኤርጎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «የታመመው ብርጭቆው ነው እንዴ?» አለ።

እንግዲህ የወዳጅን በር ማለፍ አይቻልም። መርዶ ይዞ የሚሮጥ ሰው እንኳ ገብቶ አንድ ጊዜ ፉት ብሎ ነው የሚሄደው። ዳርጌ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ግን ክንዱ ላይ ሰዓት ታስሮ ነበር። መጀመሪያ ቀን አለፈ፤ እጁን አውለበለበ። ሁለተኛ ቀን አለፈ። ሦስተኛ ቀን ኤርጎ ራሱ ቅሉን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እንፋሎቱ ይታያል። ዳርጌ ሰዓቱን አየ፤ እንደዚያ ቀን ቀንቶት አያውቅም። «ስመለስ!» ብሎ ጮኸና አለፈ። አልዱባ ሲደርስ ወደ ጂንካ የሚወጣ የጭነት መኪና አገኘ፤ እግሩም ዝሎ ነበርና ተሳፈረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ።

ሙሉነሽ ሐሙስ ቀን ለዕቃ ወርዳ ነበር። ስትመለስ ከቅርጫቷ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ፊቱ አስቀመጠች። ቅሉ ነው።

«ኤርጎ ነው የላከልህ።»

ዳርጌ ቅሉን አልነካውም። «ምን አለ?»

«'እንደ ከተማው ሰው የብቻውን ይያዝ፤ ከእኛ ጋር መጠጣት ጠልቷል' አለ። ሌላ ምንም አላለም። ሚስቱ ሰላምም አላለችኝ።»

ነገሩ ለዳርጌ ያን ጊዜ ገባው። ደምሰው በእሱ ላይ ያደረገውን እሱ በኤርጎ ላይ አድርጎታል፤ ቀዩን ክር በወዳጁ በር ላይ አስሮ አልፏል። ይህን ሲያስብ ፊቱ ነደደ። «እሑድ እወርዳለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። እሑድ ግን ቀበሌው የጽዳት ዘመቻ ጠራ፤ የቀረ ስሙ ይመዘገባል፣ ስሙ የተመዘገበ ደግሞ ምን እንደሚመጣበት አያውቅም። አካፋ ይዞ ቦይ ሲጠርግ ዋለ። ዐይኑ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ ያያል።

ሰኞ ማታ እራቱን ወደ ጎን አደረገ። «ሩጫውን ልጨርስና በማግሥቱ እሄዳለሁ» አለ። «አሸንፌ ብሄድ ደግሞ ደስ ይለዋል።»

ሙሉነሽ ሳቅ አለች፤ ደስ ያላት ግን አትመስልም። «ለአራተኛ ጊዜ በሩን አልፈህ? እንግዲያ የማሸነፊያህን ባትሪ ይዘህ ሌላ ወዳጅ ፈልግበት።»

«ከቆምኩ እኮ ሁሉም ያልፈኛል። ሳንባው ነው ይላሉ፣ ሙሉነሽ። ዕድሜ ልኬን ይላሉ።»

«ይሉ ይሆናል» አለች።

ጠዋት ሲወጣ ቅሉን በነጠላ ጠቅልላ ወገቡ ላይ አሰረችለት። ይዞት እንደሚሮጥ አልጠየቀችውም፤ እሱም ፍቺልኝ ብሎ አልተከራከረም።

አሥራ አራት ሆነው ተነሱ። ገሚሱ ሸራ ጫማ፣ ገሚሱ ባዶ እግሩን ነው። ራሱም ሊሮጥ የመጣው ደምሰው የዳርጌ ወገብ ላይ ያለውን ቅል አይቶ «ስንቅ ነው ወይስ መድኃኒት?» አለው። ዳርጌ አልሰማውም። የሚሰማው የገዛ ትንፋሹን ነው። እንሰቱን አልፈው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ትንፋሹ አልተዛባም፤ ደረቱ አልወጋውም። አንድ በአንድ አለፋቸው። ደምሰውን ሲያልፈው ደምሰው ያፏጭ ነበር፤ በአፍንጫው ነው ታዲያ። ግራሩ ሲጀምር ከፊቱ ሁለት ወጣት አስተማሪዎች ብቻ ቀሩ። ሦስተኛ! ሁለት ዓመት ሙሉ የተመኘው ነገር ከዚህ በላይ አልነበረም። ግን እግሩ በቀለለ ቁጥር ልቡ ይከብድ ነበር፤ ምክንያቱም ከግራሩ ባሻገር ጭሱ ታየው።

የኤርጎ በር በእሾህ ተዘግቷል። ማንም በሩ ላይ አልቆመም። «ተዘግቷል እኮ» አለ ዳርጌ ለራሱ፤ «የተዘጋ በር ማለፍ ምን ነውር አለው?» ሦስት እርምጃ አለፈ። አራት። ቅሉ ወገቡን መታው። ቆመ።

እሾሁን አንስቶ ሲገባ ኤርጎ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አልተነሳም። ዳርጌ ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠና ቅሉን ፈትቶ መሀላቸው አስቀመጠ። መናገር ፈለገ፤ የመጣው ግን ሳል ነው። ሰው ፊት፣ ደረቱ እስኪንቀጠቀጥ ሳለ። መሀረቡን ለማውጣት እንኳ ጊዜ አላገኘም።

ኤርጎ ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቀና «ዛሬ ሰዓት የለህም እንዴ?» አለው።

ዳርጌ ሰዓቱን ፈትቶ ከቅሉ አጠገብ አኖረው።

«ሸፈሮ እሳት ላይ አልተጣደም» አለ ኤርጎ።

«እጠብቃለሁ።»

የኤርጎ ሚስት ቀስ ብላ ተነሳች። ቀስ ብላ እሳቱን ቆሰቆሰች፣ ገለባውን ጨመረች፣ ውሃውን አፈሰሰች፤ ሆነ ብላ ነው፣ መብቷም ነው። ዳርጌ ውሃው እስኪፈላ ሲጠብቅ ከአጥሩ ውጭ የእግር ኮቴ ይሰማል። አንድ አለፈ። ሁለት። ከዚያ ብዙ ሆነው አለፉ። የደምሰው ድምፅ «ዳርጌ የት ገባ? አላልኳችሁም!» ሲል ተሰማ፤ ሳቅም ተከተለ። ዳርጌ ዐይኑን ጨፈነ። የእያንዳንዱ ኮቴ ድምፅ የብርጭቆው እጀታ ላይ ክሩን ሲቋጥርበት ተሰማው፤ አመመውም፤ ቢሆንም አልተነሳም።

ሸፈሮው ሲፈላ ኤርጎ በቅሉ ቀድቶ የመጀመሪያውን በአፉ ያዘና በአገሩ ምርቃት ዳርጌ ደረት ላይ እፍ አለበት፤ ደረቱ ራሰ። ጠጣና ለዳርጌ ሰጠው። ዳርጌ ጠጥቶ ለኤርጎ ሚስት አቀበለ። እሷም ጠጥታ ሳቀችና «ከሳህ» አለችው። ያኔ ዳርጌ አለቀሰ።

ወዳጅ ብቻውን አይሸኝም። ዳርጌ ቅሉን መልሶ ወገቡ ላይ አሰረ፤ ኤርጎም በትሩን ይዞ፣ ሰዓቱንም ክንዱ ላይ አስሮ፣ አብሮት ወጣ። አልዱባ ሲደርሱ ገበያው ሊበተን ትንሽ ቀርቶታል። መኮንን ወረቀቱ ላይ «አሥራ አራተኛ» ብሎ ጻፈ፤ ሰዓቱን ከኤርጎ ክንድ ሲቀበል እየሳቀ ነበር። ደምሰው ዘጠነኛ ወጥቶ ጥላ ሥር ተጋድሞ «ሳንባው ነው፤ ይህ በሽታ መቼም አይለቅም» ይላል ላጠገቡ ሰው።

ከቢሮ ተልካ የወረደችው ፅጌረዳ ከጀሪካን ለሯጮቹ ውሃ እየቀዳች ነበር፤ አሥራ ሦስቱም በአንድ ጣሳ ነው የጠጡት። ዳርጌ ሲቀርብ ጣሳውን ሞላች፤ ከዚያ እጇ መሀል ላይ ቆመ፤ ወደ ደምሰው ዞር ብላ አየች። እስክትወስን ኤርጎ አልጠበቀም። ከአንዲት መጠጥ ሻጭ ሴት ቦርዴ አስቀድቶ ቅሉን ሞላ፤ ዳርጌ ግማሹን ጠጣ፣ ኤርጎ የተረፈውን ተቀብሎ አንጠፈጠፈውና አፉን በክንዱ ጠረገ። ፅጌረዳ ጣሳውን እንደያዘች ቀረች። ያን ቀን ፀሐዩ እንደዚያ የሚያቃጥል ሆኖ ይሁን በሌላ፣ ፊቷ ቀልቶ ነበር።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሻይ መጣ። ክር ያለበት ብርጭቆ እንደ ወትሮው ትሪው ጥግ ላይ ለብቻው ቆሟል። ዳርጌ ከደብዳቤ ቦርሳው ቅሉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እህቴ፣ በዚህ ቅጂልኝ» አላት።

«ይሄ እኮ ሦስት ብርጭቆ ይይዛል፣ ጋሽ ዳርጌ» አለችው። ስትናገረው ዐይኑን አየችው። ሞልታ ቀዳችለት።

ሁሉም ብርጭቆውን አነሳ፤ ትሪው ላይ አንዱ ብቻ ቀረ።

«ይሄኛውስ ለማን ይሁን?» አለች ፅጌረዳ።

ደምሰው መዝገቡ ላይ አቀረቀረ። ፅጌረዳ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፣ ብርጭቆውን ሞላችና እዚያው መሀላቸው ቆማ ጠጣችው።