የኤሊዋ አንገት

አምቦንግ አሸዋ ላይ ጣቱን ካሳረፈ ማዕበሉ ራሱ ቆም ብሎ ያያል ይባላል። ይህን አብዝቶ የሚለው እርግጥ አምቦንግ ነው። ጣቱን አንዴም ሳያነሳ፣ በአንድ መስመር ብቻ ኤሊ ይስላል፤ መስመሩ ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት ነጥብ ጋር ይገጥማል። ኤሊዋ የቤተሰቡ ናት። ማሌኩላ ደሴት ላይ ከእነሱ ወገን ሰው ሲሞት አንዲት አሮጊት መንፈስ ወደ ሙታን አገር በሚወስደው መንገድ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። ኤሊዋን አሸዋ ላይ ትስልና ግማሹን ትደመስስበታለች። የጎደለውን ከሞላ ያልፋል፤ ካልሞላ እዚያው ይቀራል።

ከሦስት ዓመት በፊት ኤሊዋን ሲስል ተቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ሞኝ ግን አይደለም፤ አንገቷ ጋ ሲደርስ ወደ ግራ መታጠፍ የነበረበትን መስመር ሆን ብሎ ወደ ቀኝ አጠፈው። «ቁልፍ አበጀሁላት!» እያለ ፖርት ቪላ ከተማ ውስጥ ያልፎከረበት የካቫ መጠጥ ቤት የለም። «ሌባ ቢመጣ የሚሰርቀው ስህተቴን ነው!» እውነትም አንድ የውጭ ኩባንያ ካናቴራ ላይ አትሞ ሲሸጣት አንገቷ ወደ ቀኝ ነበር። አምቦንግ ሳምንት ሙሉ ሳቀ፤ የፊት ጥርሴ የወለቀው ያኔ በሳቅ ነው ይላል።

ዘንድሮ አዲስ የቅጂ መብት ሕግ ተረቀቀ። ረቂቁ ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት ላይ ያገኙትን ሥዕል ሁሉ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ መሳል እንዲማሩበት የሚፈቅድ ነው። ሠዓሊዎቹ በቁጣ ተሰብስበው፣ ረቂቁን የሚመረምረው የፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ እንዲናገርላቸው አምቦንግን መረጡ።

«አጎቴ፣ ማስረጃችን ያቺ አንገት ናት» አለው የማኅበሩ ጠበቃ፣ ወጣቱ ታሪ። «ስህተቱ የእርስዎ ከሆነ ሌብነቱ የእነሱ ነው። ትክክለኛዋን ግን እንዳያሳዩ! ካሳዩ በማግሥቱ ኮምፒውተሩ ይውጣታል።»

«እኔ? ቆዳዬን ቢገፉኝ አላሳይም!»

በዚያው ሰሞን የእህቱ ልጅ ሌሪን ባሕር ማዶ፣ ኑሜያ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ኤስቴላ ቀብራት ስትመለስ አምቦንግ አየር ማረፊያ ሄዶ ተቀበላት።

«እህት ዓለም፣ ተሰቃየች?»

«አንተን ስታይ ነው የሰነበተችው፣ ስልኳ ላይ። ኤሊህን አንሶላው ላይ በጣቷ ስትስል፣ ስትስል… ‹እማዬ አትስጊ፣ የአጎቴን መንገድ በቃሌ ይዣለሁ› አለችኝ።» ኤስቴላ በእንባዋ መሀል ፈገግ አለች። «አስተምረኝ ባለችህ ቁጥር ‹መጀመሪያ አገርሽ ግቢ› ትላት አልነበር? ይኸው፣ ያለ አንተ ተማረችልህ።»

አምቦንግ ሻንጣዋን ተቀብሎ ቀድሟት ሄደ።

በማግሥቱ በጠራራ ፀሐይ ባሕር ዳር ለጎብኚዎች ዓሣ ሣለ። ውሃ ተጎንጭቶ ሲመለስ ዓሣው የለም። በቦታው ግማሽ ኤሊ ተስላለች። የሰው ዱካ የለ፣ የውሻ ዱካ የለ። መስመሩ አንገቷ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ እዚያ ላይ ቀጭን ጣት ወደ ቀኝ ጭሮ ትቶታል፣ እንደገና ጭሮ ትቶታል።

ጎንበስ ብሎ በግራ ሞላላት። ዞር ብሎ ሲያይ ግራው ተደምስሶ የቀኙ ጭረት ተመልሷል። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ፤ በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም። ሌሪን የተማረችው ከስልክ ነው። ያመነችው ስልኳን ነው።

ኮሚቴው የተቀመጠ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ አምቦንግ እንደሚለው ግማሹ የፓስፊክ ሕዝብ እዚያ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አሸዋ የሞላ ሰፊ ሣጥን ቀርቧል።

«ስልካችሁን አጥፉ» አሉ ሰብሳቢዋ።

«የለም፣ ይከፈት!» አለ አምቦንግ። «ሁላችሁም ቅረጹ። አሁኑኑ ልቀቁት።»

«አጎቴ፣ አበዱ እንዴ?» ታሪ እጅጌውን ያዘው።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰፈሩ ሲያወራው አልሰማህም?» አለና እጁን አስለቀቀ።

ጣቱን አሸዋው ላይ አሳረፈ። ቅርፊቷን ዞረ፣ እግሮቿን ዞረ፣ አንገቷ ጋ ሲደርስ ዘገየ። ዋሸሁ ብሎ የማያውቀው ሰው ወደ አሸዋው ጎንበስ አለ።

«ሌሪን፣ እዚህ ጋ ወደ ግራ ነው። ወደ ግራ፣ የኔ ልጅ። አጎትሽ ዋሽቶሻል።»

መስመሩ ከተነሳበት ነጥብ ጋር ገጠመ።

«አቶ አምቦንግ» አሉ ሰብሳቢዋ፣ «ስለ ረቂቁስ ምን ይላሉ?»

«የሚጠብቀኝ ሕግ ቢኖር ቁልፍ ባላበጀሁ። ሌባ አይግባ ብዬ ስቆልፍ የእህቴን ልጅ ውጪ አስቀረኋት። ሌላ የምለው የለኝም።»

ረቂቁ ለሌላ ስብሰባ ተላለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ካናቴራው አንገቷ ወደ ግራ የታጠፈች ኤሊ ይዞ ገበያ ላይ ዋለ። ታሪ አንዱን ገዝቶ አምቦንግ ፊት ወረወረው። አምቦንግ አንስቶ በጣቱ መስመሯን ከዳር እስከ ዳር ተከተለ። «ልክ ነው» ብቻ አለ።

ከዚያ ባሕር ዳር ወርዶ ዓሣ ሣለ። ጀርባውን ሰጥቶ ቆየና ዞረ። ዓሣው እንዳለ ነው። ደግሞ ዞረ፣ ደግሞ አየ። ክንፉም፣ ጅራቱም አልተነካም።

«ሌሪን?»

ማዕበሉ ብቻ ነው የመለሰለት። አልፋለች ማለት ነው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር።

አምቦንግ ተንበረከከ፤ የዓሣውን ግማሽ በገዛ መዳፉ ደመሰሰና ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ጠበቀ። ብዙ ቆይቶ ዞር አለ። ግማሹ እንደጎደለ ነው።