የቁራኛው ባዶ ቀለበት

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ አባታችን አዳም ከገነት በተሰደደ ጊዜ እንኳ ሔዋን አብራው ወጥታለችና፣ ብቻውን የተጋዘ ሰው መከራ ከአዳም መከራ ይብሳል ብል ኃጢአት አይሁንብኝ።

በቀደመው ዘመን አዛዥ ናርዶስ የሚባል ክቡርና ባለሟል ሰው፣ በነገረ ሠሪ አንደበት ከንጉሡ ፊት ወድቆ፣ ገደል እንደ ቅጥር ወደ ከበበው አምባ ተጋዘ፤ እንደ ጥንቱም ሥርዓት ቀኝ እጁ ከጠባቂው ከቢያድግልኝ ግራ እጅ ጋር በአንድ ሰንሰለት ተቆራኘ። ናርዶስ ለጸሎት በወደቀ ቁጥር ጠባቂው ሳይወድ አብሮ ይወድቃልና፣ «እርስዎ ለበደሉት እኔ ስሰግድ ጉልበቴ አለቀ እኮ፣ ጌታዬ!» እያለ ያሾፍበት ነበር። በዘጠነኛው ዓመት አንድ መንገደኛ መነኩሴ ለናርዶስ፣ ሚስቱ ሞቷል ብላ ተዝካሩን አውጥታ ሌላ ባል ማግባቷን ነገረው፤ ናርዶስም ከዚያ ወዲያ ስለ አገሩ አንዳች አልጠየቀም።

በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ በዕለተ ሐሙስ፣ የቢያድግልኝ እናት ከአምባው ሥር ባለው መንደር ልትሞት እንደምታጣጥር ተሰማ። የአምባው አለቃ ሰንሰለቱን የሚፈትሸው እሑድ እሑድ ነበር።

«ሂድ» አለ ናርዶስ። «ጾሙ እጅህን አቅጥኖታል፤ በኑግ ዘይት ብናሸው ከሰንሰለቱ ቀለበት ይወጣል። እኔ አሞኛል ብዬ ጋቢ ተከናንቤ እተኛለሁ።»

«ቢያመልጡ እጄ እኮ ነው የሚቆረጠው!»

«ተዝካሩ የተበላለት ሰው ወዴት ያመልጣል?»

ቢያድግልኝም በጨለማ ተሰውሮ ሄደ። ቅዳሜ ግን ጉም አምባውን እንደ መጋረጃ ሸፈነው፤ በር ጠባቂዎቹም ብርዱን ሸሽተው ዋሻ ገቡ። ናርዶስ ባዶውን ቀለበት በብብቱ ሸሽጎ እስከ በሩ ደረሰ፤ ቁልቁለቱም ከእግሩ ሥር ተከፍቶ ነበር። ነገር ግን በዚህ ሰፊ ዓለም «ናርዶስ ከተውኩት ቦታ አለ» ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ብቻ መኖሩን፣ እርሱም በዚያች ሰዓት በእናቱ ራስጌ መቀመጡን ባሰበ ጊዜ፣ አልቅሶ ወደ ጎጆው ተመለሰ።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል ቢያድግልኝ ዓይኑ አብጦ ገባ። «ቀበርኳት» አለ።

«እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ።»

ጠባቂውም እጁን በራሱ ፈቃድ ወደ ቀለበቱ ዘረጋ፦ «በሉ ዘይቱን ያምጡት፣ አለቃው ሳይደርስ። ከእንግዲህ እዚያ ታች መጣህ ወይ የሚለኝ የለም።»

ግዞትስ ከአገር መራቅ ብቻ አይደለም፤ ከሄደበት ሲመለስ «መጣህ ወይ?» የሚለውን ያጣ ሰው፣ እትብቱ በተቀበረበት ደጅ ቢቀመጥም ግዞተኛ ነው።