የባቢከር ምስክር

እማማ ዐዋጢፍ ለዚያ ቀጠሮ ያላሰናዱት ነገር አልነበረም። ሆሞሻ ያለውን ቤታቸውን አዲስ ጭቃ አስመርገዋል፣ ለልጅ ልጃቸው ለሪም የቀርከሃ አልጋ አሠርተዋል፣ የምትታለብ ፍየል ገዝተዋል። ለጎረቤቱ ሁሉ ደግሞ «ሪም ሊመጣ ነው» ብለው አውጀዋል። ሪም የስድስት ዓመት ሴት ልጅ ናት። እማማ ግን አፋቸውን የፈቱት በበርታኛ ነው፤ አማርኛውን ከገበያ ነው የለቀሙት፤ በእሳቸው አማርኛ ደግሞ ሰው ሁሉ «እሱ» ነው። ምራትም እሱ፣ ፍየልም እሱ፣ ዳኛም እሱ። የሚያርማቸው ሰው ድፍረቱን ከየት ያመጣል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ባቢከር ከኩርሙክ ሸቀጥ እያመላለሰ በሞተር የሚነግድ ጎልማሳ ነው። ሚስቱ ጤናዬ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ናት። የሚኖሩት ሆሞሻ፣ ከእማማ አጥር ማዶ ነበር። ከስምንት ወር በፊት ጤናዬ እጇ እንደተሰበረ ሪምን ይዛ አሶሳ ወላጆቿ ዘንድ ገባች። ገበያው ዳር የልብስ ስፌት መኪና ተከለች፣ ፍቺ ጠየቀች፣ ተፋቱ። የቀረው ክርክር ሪምን ማን ያሳድግ የሚለው ብቻ ነው። ጤናዬ «ደብድቦ ነው እጄን የሰበረኝ» ስትል፣ ባቢከር «ከሞተር ወድቃ ነው» አለ። እማማም ለጠየቃቸው ሁሉ «ከሞተር ወድቆ ነው» እያሉ ከረሙ።

ባቢከር ልጅቷ ለእሱ እንድትሰጠው ጠይቆ፣ የምታሳድጋት እናቴ ናት ሲል እማማን ምስክር ቆጠረ። እማማ ይህን የሰሙ ቀን ደስታው ምግብ ከለከላቸው። ስምንት ወር ሙሉ «ሐቦባ»፣ አያቴ፣ ብሎ የሚጠራቸው ድምፅ ከግቢያቸው ጠፍቶ፣ ግቢው ባዶ ሆኖባቸው ነበርና። ሪም ተመልሳ ትምጣ እንጂ ሌላው ሌላው አላስጨነቃቸውም።

ጠበቃው ቦዔዝ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠብቆ ተቀበላቸው። «እማማ፣ ስለ ቤቱ ይናገሩ፣ ስለ ፍየሏ ይናገሩ፣ እንደሚወዷት ይናገሩ። ከዚያ በላይ አይጨምሩ» ሲል መከራቸው። እማማ ዐዋጢፍን አይጨምሩ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ምስኪኑ አላወቀም።

የችሎቱ ዳኛ ኦብሴ የሚባሉ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። እማማ ቁርአን ይዘው ከማሉ በኋላ አስተርጓሚ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቋቸው።

«አስተርጓሚ ለምን? እኔ አማርኛ ያውቃል። አንተ ጠይቅ» አሉ እማማ። ችሎቱ ሳቀ፣ ዳኛዋም ሳቁ።

ቦዔዝ የቤቱንም የፍየሏንም ነገር አስመሰከረና ወደ ዳኛዋ ዞረ። «ክብርት ዳኛ፣ በባልና በሚስት መካከል ተፈጠረ የተባለው ሌላ ጉዳይ ነው። ደንበኛዬ ልጁን በክፉ ዓይን እንኳ አይቷት አያውቅም» ብሎ ተቀመጠ።

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እማማ፣ ሪም እርስዎ ጋ ስትውል ምን ትጫወት ነበር?»

የእማማ ፊት በራ። ይሄን ነው እንጂ መጠየቅ! «ድብብቆሽ! እንደ ሪም ጎበዝ የለም። ሞተሩ ገና ከወንዙ ማዶ ሲሆን፣ እኛ ሳንሰማ እሱ ይሰማል። ጫማ ያወልቃል፣ በእጁ ይይዛል፣ ሩጦ ጎተራ ይገባል። እኔ ‹ሪም የት አለ? ሪም የት አለ?› እያለ ይፈልጋል። ሌላ ልጅ ይስቃል፣ ይያዛል። ሪም አይስቅም። ትንፋሽ እንኳ የለም!»

ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች መጀመሪያ ፈገግ ብለው ነበር። ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። ጤናዬ አንገቷን ደፋች።

«የማን ሞተር ነው?» አሉ ዳኛዋ ዝግ ብለው።

«የአባቱ።»

«ሌላ ሰው በሞተር ሲመጣስ ትደበቃለች?»

«ለሌላው? የለም፣ ለሌላውማ ሩጦ...» እማማ ንግግራቸውን አቋረጡ። የነጋዴው የዐብዱልቃድር ሞተር ሲመጣ ሪም ከረሜላ ፍለጋ በር ድረስ እየሮጠች ትቀበለው እንደነበር ትዝ አላቸው። ጫማዋንም ያን ጊዜ አታወልቅም። ለአባቷ ብቻ ነው። እንዳይሰማት ብላ ነው። ያን ሁሉ ቀን እሳቸው እየሳቁ ሲፈልጓት፣ ልጅቷ ጎተራ ውስጥ የምትጫወት መስሏቸው ነበር።

የነጠላቸውን ጫፍ ጨበጡ። ቦዔዝን አዩት፤ በዓይኑ «ይብቃዎት» ይላል። ባቢከርን አዩት፤ እሱ ወለሉን ነው የሚያየው። እውነቱን ከተናገሩ ሪም አሶሳ ትቀራለች። የባቢከር ምስክር ሆነው የቆሙትን እሳቸውን ደግሞ ጤናዬ ደጃፏ ላይ ልታያቸው አትፈልግ ይሆናል። ይህን ሁሉ አሰቡት፤ ከዚያም ተናገሩ።

«ጨዋታ አይደለም» አሉ። «እኔ ሞኝ ነው። ጤናዬ እጁ የተሰበረ ቀን ሞተሩ እኔ ግቢ ነበር። ጎማው ወልቋል፣ ዛፍ ሥር ተኝቷል። እኔ ውሃ ይዞ በላዩ ተራምዷል። ጎማ ከሌለው ሞተር ሰው እንዴት ይወድቃል? ጩኸት ሰምቷል፣ ባልና ሚስት ነው ብሎ ሬዲዮ ከፍ አድርጓል። ያን ቀን ሪም እስከ ማታ ከጎተራ አልወጣም።»

ቦዔዝ ብድግ ሊል ሲል ዳኛዋ በእጃቸው ምልክት አስቀመጡት። «እንግዲህ ሪም የት ብታድግ ይሻላታል ይላሉ?»

«እናቱ ጋ። የኔ ቤት ጥሩ ነው፤ ግን ልጄ ባቢከር መንገዱን ያውቃል።»

ይህን ብለው ወረዱ። ሚኒባስ ውስጥ እስከ ሆሞሻ ድረስ አለቀሱ። ባቢከርም አኮረፋቸው፤ በደጃቸው ሲያልፍ ሰላም እንኳ አይላቸውም። ጎረቤቶቻቸው «ሪም መቼ ነው የምትመጣው?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «አይመጣም» ብለው ወሬ ይቀይሩ ነበር።

የፍርዱ ቀን ማንም አልጠራቸውም። እሳቸው ግን ማልደው ተነስተው ሄዱ፤ ከችሎቱ የኋላ ወንበር ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ሪም ከአክስቷ ጋር ውጭ ናት ሲባል ሰምተው፣ በሩን በዓይናቸው ከመቀላወጥ በቀር ሊወጡ አልደፈሩም።

ዳኛ ኦብሴ ውሳኔውን አነበቡ። ልጅ ከአባቷ ድምፅ የምትደበቅ ከሆነ በደሉ በባልና በሚስት መካከል ብቻ ነበር ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ ሪም ከእናቷ ጋር ትኖራለች። አባቷ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ግቢ፣ ታማኝ ሰው ባለበት ብቻ ያያታል። «ታማኙ ሰው ማን ይሁን?» ብለው ጤናዬን ጠየቋት።

ቦዔዝ የባቢከርን አጎት ሊጠቁም አፉን ሲከፍት ጤናዬ ቀደመችው። «እማማ ዐዋጢፍ ይሁኑ» አለች። «እሳቸው ካሉ አልፈራም። እሳቸው ከሌሉ ግን ልጄን አላመጣም።»

እማማ የሰሙትን አላመኑም። አጠገባቸው የተቀመጠችውን የማያውቋትን ሴት ክንድ ያዙና «እኔን ነው ያለው?» ብለው ጠየቋት። ሴትዮዋ «እርስዎን ነው» ስትላቸው፣ ችሎት ውስጥ እልል አይባልም እንጂ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ውጭ ባቢከር ቀስ ብሎ ተጠጋቸው። «እማ» አለ በበርታኛ፣ ከዚያ ችሎት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ቅዳሜ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ። አንተም ና» አሉት እሳቸውም በበርታኛ። ልጃቸው ነውና ድምፃቸው ስስት ነበረበት። «ሞተሩን ግን መናኸሪያ አቁመህ በእግርህ ና። የልጅህ ልብ እስኪመለስ አሥር ዓመት ቢፈጅ አሥሩንም ዓመት በእግርህ ትመጣለህ። እኔም አጠገብህ እቀመጣለሁ።» ባቢከር ራሱን በእሺታ ነቅንቆ ሄደ።

ያን ጊዜ ሪም ከግቢው ማዶ አየቻቸው። «ሐቦባ!» ብላ ጫማዋን እያንኳኳች ሮጣ መጥታ ነጠላቸው ውስጥ ገባች። ጤናዬም ከኋላዋ መጣች።

«እማማ፣ ቅዳሜው የአባቷ ነው» አለች ጤናዬ። «ስለ እርስዎ ዳኛዋ ቀን አልቆረጡም። እኔ ቤት ባሰኝዎት ቀን ይምጡ።»

«ዛሬ ስንት ነው ቀኑ?» አሉ እማማ።

«ረቡዕ።»

«ረቡዕ ያሰኘኛል» አሉ እማማ። መንገድ ዳር የሚኒባሱ ረዳት «ሆሞሻ፣ ሆሞሻ፣ የቀረ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። እማማ ዐዋጢፍ አልሰሙትም፤ ሪም በአንድ እጃቸው፣ ጤናዬ በሌላው ይዘዋቸው ወደ ገበያው ሰፈር እያወሩ ይሄዱ ነበር።