ለውጥ አለ፤ ይቀመጥ?

«‹አይ› የሚለውን የተጫንከው አንተ ነህ።»

«እሱን ያስለመደኝስ ማነው?»

የምጠይቀው እህቴን ነው። የአጎታችን መስታወት ቤት የሚሠራበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠራችው እሷ ናት፤ እኔ ደንበኛ እየተቀበልኩ ልኬት አስገባለሁ። ትናንት አንዱ ደውሎ የመስኮቱን ወርድ አስቀየረ። አስተካከልኩለት። ገጹን ስዘጋ ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ «ለውጥ አለ፤ ይቀመጥ?» አለኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ «አይ» አልኩት። ቆራጩ መስታወቱን በድሮው ልኬት ቆረጠው። መስታወት ደግሞ ሱሪ አይደለም፣ ጠበበ ተብሎ አይለቀቅም።

አጎቴ ጠዋት መጥቶ፣ ጥፋቱ የኔ ከሆነ ከነገ ጀምሮ እንዳልመጣ ነገረኝና ወጣ። ታዲያ ዝም ልበል? የማንንም ደንበኛ ገጽ ከፍቼ አንድ ፊደል ሳልነካ ብዘጋው እንኳ ለውጥ አለ ይላል። የሰፈር ወሬኛ እንደዚህ አይዋሽም። እህቴ አላመነችኝም። ከፍታ ዘጋች፤ ጠየቃት። ደግማ ከፍታ ዘጋች፤ ጠየቃት። ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች። እሷ ወንበር ሳበች ማለት ተሸነፈች ማለት ነው።

ኋላ እንዳስረዳችኝ፣ ገጹ ሲከፈት ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ እያመጣ ሳጥኖቹን ይሞላል፤ ከዚያ ራሱ የሞላው ነገር በሰው የተጻፈ ይመስለዋል። ራሱ ፈስቶ ሰው ይጠረጥራል በሉት። መጀመሪያ፣ አንድ ፊደል በተጻፈ ቁጥር ከዳታቤዙ ጋር እንዲያስተያይ አደረገችው። ፊደሉን ነክቼ አዛግቼ ስጨርስ ነው ስክሪኑ ላይ የሚመጣው። እሱን ተወችና፣ ገጹ ሲከፈት የነበረውን ቅጂ ይዞ፣ ሲዘጋ ብቻ ከዚያ ጋር እንዲያስተያይ አደረገችው።

ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፤ ጭጭ። ቁጥር ጽፌ መልሼ አጠፋሁ፣ ዘጋሁ፤ ጭጭ። ተንኮል አላስቀምጥ አለኝና፣ በንጉሡ ሠ የተጻፈ የደንበኛ ስም በእሳቱ ሰ ቀየርኩ። «ለውጥ አለ» አለ። ጮክ ብለሽ አንብቢውና ለውጡን አሳዪኝ ብላት ኪቦርዱን ቀማችኝ።

አጎቴ ሲመለስ ደረቴን ነፍቼ ጠበቅኩት። ፕሮግራሙ ምንም ሳይቀየር ሁሌ ይጠይቅ እንደነበር እህቴ በገዛ አፏ ነገረችው።

«ሰማህ ጋሼ? ሁሌ ነው የሚጠይቀኝ። እንዴት አድርጌ ልመነው?»

አጎቴ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ።

«ሁሌ ከጠየቀህ፣ ሁሌ ‹አዎ› ብትለው ትሞት ነበር?»