ኦቦ ገመዳ ካልጀመሩ

በዚያ ጠዋት ጫልቱ ሻይ የምትቀዳው እንደ ሆስተስ ሳይሆን እንደ ምራት ነበር። ግራ እጇን ከቀኝ ክንዷ ሥር ደግፋ፣ ዐይኗን ሰበር አድርጋ፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ። መንገደኛው ሁሉ ትሕትናው ለእሱ የተደረገ መስሎት ደስ አለው እንጂ፣ ነገሩ ሁሉ ለአንድ ሰው ነበር፤ ከመስኮቱ ጥግ፣ ግራጫ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ለተቀመጡት ለኦቦ ገመዳ።

ኦቦ ገመዳ የእጮኛዋ የወዬሳ አባት ናቸው። የፊታችን እሑድ ሽማግሌ ይዘው ናዝሬት አባቷ ቤት ሊመጡ ቀጠሮ ተይዟል። ልባቸው ግን አላረፈም። ሰማይ ለሰማይ ስትዞር የምትውል፣ የማታውቀውን ወንድ ሁሉ ምን ልታዘዝ የምትል ልጅ ትዳር ታውቃለች ወይ እያሉ ወዬሳን ሲያደርቁት ከርመዋል። ደግነቱ አብዮቱ ደረሰላቸው። የሚሠሩበት የናዝሬት ዘይት ፋብሪካ ኮከብ ሠራተኞቹን ድሬዳዋ አስጎብኝቶ በአውሮፕላን ሊመልስ ወሰነ፤ አውሮፕላኑም ጫልቱ ያለችበት ሆነ። ወዬሳ ከዋዜማው ስልክ ደውሎ፣ አባቱ የሚመጡት እሷን ሊያዩ መሆኑን ነግሮ አደራ ብሏታል።

ሽልማቱ ትንሽ ጠማማ ነበር። አውሮፕላኑ በናዝሬት አናት ላይ አልፎ አዲስ አበባ ያወርዳቸዋል፤ ከዚያ ወደ ናዝሬት በአውቶቡስ ይመለሳሉ። ይህን ያነሣ አንድ ኮከብ ሠራተኛ ነበር፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ሰብስቤ ኮከብ እንደሚሰጥ ሁሉ እንደሚነጠቅም ሲያስታውሰው ጥያቄውን መልሶ ዋጠው።

እስከ አዋሽ ድረስ ሁሉም አማረ። ኦቦ ገመዳ ሁለተኛውን ሻይ ሲቀበሉ ገለቶሚ ልጄ ብለው አመሰገኗት። ጫልቱ ይቺን «ልጄ» ታቅፋ ወደ ኋላ ስትመለስ ጆሮዋ ጓ አለ። የሁሉም ጆሮ ጓ አለ። ብርድ ገባ፤ ውስጡ ጉም ለበሰ፤ ከየሰው አናት በላይ ያለው ክዳን ተከፍቶ ቢጫ ጭንብሎች እየተወዛወዙ ወረዱ። ካፒቴን ዘገዬ በድምፅ ማጉያው የአየር ግፊቱ መውረዱን፣ እሱም አውሮፕላኑን ዝቅ እያደረገ መሆኑን ነገራቸው፤ እስከዚያው ሰው ሁሉ ጭንብሉን ያድርግ አለ።

ጫልቱ የተማረችው ግልጽ ነው። በዚያ ከፍታ ሰው ያለ ኦክሲጅን ብዙም ሳይቆይ ራሱን ይስታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ለራስ፣ ከዚያ ለሌላ። የራሷን አደረገች፤ ማንንም እንብላ ሳትል። ትንሿን የኦክሲጅን ጠርሙስ አንግታ ዞር ስትል ያየችውን ግን ማንም አላስተማራትም።

የናዝሬት ኮከቦች ይግደረደራሉ።

ጭንብሉን ያጠለቀ አንድም የለም። ሁሉም ይዞ ለጎረቤቱ ያቀርባል። ወይዘሮ አበዛሽ የራሷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ለጓድ ሰብስቤ ትዘረጋለች። ጓድ ሰብስቤ ሰፊው ሕዝብ ሳይተነፍስ እኔ አልተነፍስም ይላል። ነገር ግን የሁሉም አንገት የዞረው ወደ ኦቦ ገመዳ ነው፤ በዕድሜ ታላቁ እሳቸው ናቸውና፣ እሳቸው ሳይጀምሩ ማን ይጀምራል? እሳቸው ደግሞ ጭንብላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ድሬዳዋ የተሳፈረውን ጎረቤታቸውን አንተ እንግዳ ነህ፣ በሞቴ፣ እያሉ ይለምናሉ። ከንፈራቸው መጥቆር ጀምሯል።

ጫልቱ ገባት። አርባ ሰው ብትለምን አርባው ይግደረደራል፤ ሽማግሌው ከጀመሩ ግን ሁሉም ይከተላል። በግድ ካስጀመረቻቸው ደግሞ እሑድ የለም። ይህን እያሰበች እግሯ ቀድሟት ደርሷል።

ባርኔጣቸውን በአንድ እጇ ገፋ አደረገችው፤ ተንከባሎ ሄደ። በሌላው እጇ፣ «በሞ...» ሲሉ፣ አፋቸውን ከነአፍንጫቸው ከደነችው። ላስቲኩን ከማጅራታቸው ኋላ ሳበች። ጭንብሉን ሊያነሱ የሞከሩትን እጅ ቸብ አደረገችው። አማቷን መታች።

ኦቦ ገመዳ ተነፈሱ። ያኔ ጭንብሉ ሁሉ በየአፉ ገባ፤ ጓድ ሰብስቤ ከሰፊው ሕዝብ ትንሽ ቀደም አለ።

ግራና ቀኙ ተራራ ነውና ካፒቴን ዘገዬ ስምጥ ሸለቆውን ተከትሎ ዝቅ ብሎ በረረ። ብርዱ ለቀቀ፤ ጭንብል ወለቀ፤ ናዝሬትም ከነቆርቆሮ ጣሪያዋ ከታች ብቅ አለች። ኮከቦቹ የየቤታቸውን ጣሪያ በጣት እያሳዩ ተንጫጩ። ወይዘሮ አበዛሽ ያሰጣችውን በርበሬ አየሁ ብላ ማለች። ጓድ ሰብስቤ ቆሞ፣ ካፒቴኑ ከተማችንን ሊያስጎበኘን ብሎ ዝቅ በማለቱ በማኅበሩ ስም አመሰገነ፤ ተጨበጨበ። ያላጨበጨቡት ኦቦ ገመዳ ብቻ ናቸው። አዲስ አበባ ሲወርዱም ባዶ ራሳቸውን፣ ቀና ብለው ሳያይዋት አለፏት። ባርኔጣውን ከወንበር ሥር ያገኘችው ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

እሑድ ጫልቱ ባርኔጣውን ጭኗ ላይ አድርጋ ጓዳ ተቀመጠች። ይመጣሉ ብላ አልጠበቀችም። መጡ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ ኦቦ ገመዳም ባርኔጣ አልባ ሆነው መካከላቸው። አባቷ እንደ ደንቡ እስቲ እናስብበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ሊል ሲጀምር ኦቦ ገመዳ አቋረጡት።

«ሁለት ነገር ልወስድ ነው የመጣሁት። አንዱ ባርኔጣዬ ነው። ሌላዋ ልጅህ ናት። በዚያን ቀን ሁላችንም ጨዋ ሆነን ልንሞት ነበር፤ አንዲት ባለጌ ተገኝታ አተረፈችን።»

ጓዳ ያለችው ባለጌ ሳቋ እንዳይሰማ ባርኔጣውን አፏ ላይ ከደነች። አባቷም ሌላ ቀጠሮ መስጠቱን ትቶ ተቀመጡ አለ።

ማዕድ ቀረበ። ጫልቱ ባርኔጣውን መልሳ፣ እጅ አስታጥባ ቆመች። ከዚያ ተጀመረ፤ ኧረ እርስዎ፣ የለም እርስዎ፣ ታላቅ እያለ፣ ባለቤት እያለ። ወጡ መቀዝቀዝ ያዘ። ጫልቱ ፎጣ ልታነሣ እጇን ዘረጋች።

ኦቦ ገመዳ እጇን አዩ። በግራቸው ባርኔጣቸውን ጥብቅ አድርገው፣ በቀኛቸው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ጎረሱ።

«ጀምሬያለሁ» አሉ፣ አፋቸው እንደሞላ።