ወይዛዝርቱ መጥተዋል

ኔሬይዳ ከቤቷ ጣሪያ ላይ ባሕሩን ስታይ ልቧ ዘለለ። ከማዕበሉ ወዲያ ጥቋቁር ራሶች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ውሃው ላይ ኑግ የተበተነ ይመስላል። ኤሊዎቹ እንቁላላቸውን ሊጥሉ መጥተዋል!

ችግሩ፣ የሚጥሉበት አሸዋ የለም። የሰሞኑ ጎርፍ የላይኛውን አገር ቆሻሻ ጠራርጎ ላ ሳሊና በሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ አራግፎታል፤ ጠርሙስ፣ የተበጣጠሰ መረብ፣ አንድ ማቀዝቀዣ ከነመዝጊያው፣ ሌላው ቀርቶ «ንጹሕ ነገ» ብሎ ፈገግ ያለ የምርጫ ተወዳዳሪ ትልቅ ሰሌዳ። የዘንድሮ የዳርቻው ኃላፊ ኔሬይዳ ናት። መንደሩ ቴኪዮ የሚለውን የግዴታ ደቦ ደጋግማ ብትጠራም የመጡላት እናቷና የእናቷ ውሻ ብቻ ናቸው። ዛሬ ካልተጠረገ ኤሊዎቹ ይመለሳሉ።

እየሮጠች ወደ መንደሩ ድምፅ ማጉያ ሄደች።

«ወይዛዝርቱ መጥተዋል! በብዛት ነው የመጡት! ጆንያም ጋሪም ይዛችሁ አሁኑኑ ወደ ባሕር ውረዱ! ከዘገያችሁ ይመለሳሉ!»

እንደ እሷ ቤት ባሉ የዓሣ አጥማጅ ቤቶች ኤሊዎቹ ከጥንት ጀምሮ «ወይዛዝርቱ» ናቸው። ላይኛው ሰፈር ግን ወይዛዝርት የሚባሉት ምርጫ ሲደርስ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ዘይትና ቦሎቄ የሚያድሉት ሴቶች ናቸው። ኔሬይዳ በደስታዋ ብዛት ይህን ረስታዋለች።

መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወረደ። እንባዋ ሊመጣ ሲል ልብሳቸውን አየች። የላይኛው ሰፈሯ እመቤት ዶኛ ክሪስፒና የሐር ቀሚሷን ለብሳ ከንፈሯን ቀብታለች። የመንደሩ ሹም ዶን አቡንዲዮ ጠጉሩን በውሃ አስተኝቶ የንግግር ወረቀት ይዟል። ከኋላቸው ሰልፉ ተጀምሯል።

«ወረፋሽን ያዢ እንጂ!»

«ነፍሰ ጡር ነኝ!»

«በስድሳ ዓመትሽ?»

ዶኛ ክሪስፒና ቀረበቻት። «የታሉ፣ ልጄ?»

ኔሬይዳ ወደ ባሕሩ ጠቆመች።

«በጀልባ ነው የመጡት?»

«እየዋኙ ነው፣ ዶኛ።»

«ምስኪኖች! የምርጫው በጀት እዚህ ድረስ ወርዷል?»

ኔሬይዳ ያኔ ነቃች። መዋሸት ትችል ነበር፤ አልዋሸችም። «ኤሊዎቹን ማለቴ ነው» አለች።

«ከጸጉር ቤት አስነስተሽኝ ለኤሊ?» ጮኸች አንዷ። «ጎረቤቶቼን ገፍትሬ ነው የመጣሁት!»

ዶን አቡንዲዮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነገሩን የሚያጠና ኮሚቴ…»

ሰልፉ ፊቱን ወደ መንደሩ አዞረ። ይህኔ የመጀመሪያዋ ኤሊ ከማዕበሉ ወጣች። እየተንፏቀቀች መጥታ ማቀዝቀዣውን በራሷ ገፋችው። እምቢ አላት። ወደ ግራ ስትዞር መረቡ መቅዘፊያ እግሯን ጠለፈው። ታገለች፣ ቆመች፣ ተነፈሰች፤ ከዚያ መረቡን እየጎተተች ወደ ባሕሩ መመለስ ጀመረች። ሰዉ ከመንገዱ ዞሮ ተመለከታት።

«ምን ትገተራላችሁ!» አለች ዶኛ ክሪስፒና። «እንግዳ ከደጃችን ሲመለስ ታያላችሁ?» ጫማዋን ወርውራ፣ የሐር ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከችና መረቡን በጥርሷ በጠሰችው። ኤሊዋ ተፈትታ ውሃ ውስጥ ጥልቅ አለች።

ከዚያማ ማን ይቁም! ለቦሎቄ የመጣው ጆንያ ጠርሙስ ይሞላ ጀመር። ጋሪዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ሴቶች ይሳደባሉ፣ ሙሽራ የመሰሉ ሰዎች ጭቃ በጭቃ ሆነዋል። የተወዳዳሪውን ሰሌዳ መሬት ላይ አንጋለው ቆሻሻ ቆልለውበት ጎተቱት፤ ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ አገለገለ።

«ዶን አቡንዲዮ፣ ንግግሩን ይተዉትና ማቀዝቀዣውን ይያዙ!» አለች ኔሬይዳ።

«በየት በኩል?»

«በከባዱ በኩል!»

«ወይዛዝርቱ!» ሲል አንድ ሰው ጮኸ፤ አሁን ማንም ቃሉን አልተሳሳተውም። ማዕበሉ በተመለሰ ቁጥር ኤሊ በኤሊ ላይ እየተወ ይሄዳል። በተጠረገው አሸዋ ላይ በሰዉ እግር መሃል እየተጋፉ ወጡ። ማቀዝቀዣው ከመንገዳቸው የወጣው ለጥቂት ነው።

«ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» አለች ኔሬይዳ፤ ድምፅዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። «እንቁላል ትረግጣላችሁ!»

መንደሩ በሙሉ ጆንያውን እንደተሸከመ ባለበት ደረቀ። ዶን አቡንዲዮ በአንድ እግሩ ቆሟል፤ ሌላኛው ሊያርፍበት የነበረውን ቦታ አንዲት ወፍራም ኤሊ ይዛ ትቆፍራለች፤ አሸዋውንም ሱሪው ላይ ትበትናለች።

«ልጄ፣ እስከ መቼ ነው?» አለ በሹክሹክታ።

«እስኪጨርሱ ድረስ!»

ቀና ብሎ ባሕሩን አየ። ገና መምጣታቸው ነበር።