ዶክተሯ ብዙ፣ ልጄ ትንሽ

ዶክተሯ አምስት ደቂቃ ታወራለች። ልጄ ኑሃሚን ወደ እኔ ዞራ፣ «ኦኬ ነው አለች፣ ማሚ» ትለኛለች። አምስት ደቂቃ ሙሉ ኦኬ ነው?

ማህፀኔን ካወጡልኝ አምስት ሳምንት ሆነኝ። ካንሰር እንደሆነ አልደበቁኝም። የደበቁኝ እኖር እንደሆነ፣ እሞት እንደሆነ ነው። ኑሃሚን እዚሁ አትላንታ ያደገች ፋርማሲስት ናት፤ ለታማሚ ክፉ አይነገርም የሚለውን ማን እንዳስተማራት እንጃ። እኔም እናቴን እንደዚያው ሸኝቻለሁና ዘዴውን አውቀዋለሁ። ስገባ ስልኳን ትዘጋለች። ድሮ በስንት ጭቅጭቅ የምትመጣዋ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሾርባ ይዛ ከች ትላለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ለጎረቤቴ ለሀፍሳ ነገርኳት። ሆስፒታል ጽዳት ትሠራለች፣ የማታውቀው የለም። «‹ኢንተርፕሬተር› በያቸው፤ አስተርጓሚ ያመጡልሻል፣ መብትሽ ነው» አለችኝ። ቃሉን ሦስት ቀን አጠናሁት።

ትናንት ዲኬተር ያለው ክሊኒክ ገብተን ዶክተሯ አፏን ሳትከፍት፣ «ኢንተርፕሬተር!» አልኩ።

«ማሚ፣ ሲሪየስሊ? እኔ እያለሁ?» አለች ኑሃሚን።

«አንቺ ስላለሽ ነው።»

በስልክ ብርሃነመስቀል የሚባል ጎልማሳ አገናኙን። ዶክተሯ ያለችውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመልኝ። «ዕጢው ኃይለኛው ዓይነት ነው፤ ሊመለስ ይችላል። በእርስዎ ዕድሜ ኬሞው ስለሚከብድ፣ ሌላ ሕክምና ሳንጨምር እየተከታተልን እንድናይ ከልጅዎ ጋር ተስማምተናል።»

ልጄን አየኋት። መሬት መሬት ታያለች። ተናደድኩ፤ ከንዴቱ በታች ግን ፈርቻለሁ።

«በኔ ዕድሜ ማለት ስንት?»

«ወረቀቱ ሰባ ዘጠኝ ይላል፣ እናቴ» አለ ብርሃነመስቀል፣ ዶክተሯን ጠይቆ።

«ማን ነው ሰባ ዘጠኝ? ሰባ አንድ ነኝ! የአርባ ሰባት ልጅ ነኝ!»

ብርሃነመስቀል፣ «በኛ አርባ ሰባት ነው፣ በነሱ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የዲቪውን ፎርም የሞላሁት በገዛ እጄ ነው። የትውልድ ዘመን ሲለኝ 1947 ብዬ ጻፍኩ፤ ወደ ፈረንጅ መቀየሩን ማን አስቦት! ልደት አክብረን አናውቅ፣ ኑሃሚንም የምታውቀው ወረቀቱን ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። የልጄን ውሸት ሳድን፣ ዕድሜዬ ላይ ስምንት ዓመት ጨምሬ የዋሸሁት እኔው።

ብርሃነመስቀል ነገሩን ሲያስረዳት ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። እስከዚያ ድረስ የምታየው ልጄን ነበር። ደረጃ ስለ መውጣቴ፣ ስለ ልቤ፣ ስለ ኩላሊቴ ጠየቀችኝ። ከዚያ ረጅም ተናገረች።

ብርሃነመስቀል ሊጀምር ሲል ኑሃሚን፣ «ዌይት፣ እኔ ልንገራት» አለች። እጄን ያዘች። ኬሞውን ልሞክር እንደምችል፣ ፀጉሬ እንደሚረግፍ፣ ያም ሆኖ በሽታው ሊመለስ እንደሚችል፣ ዶክተሯም ምንም ቃል እንደማትገባ እያለቀሰች ነገረችኝ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ዶክተሯ የፈጀችውን ያህል ፈጀባት።